የብልቃጡ ስንቅ

ድሬዳዋ፣ ጥር 24 ቀን 1974 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ ሣህሉ፣

ሰላምታዬን ከማስቀደሜ በፊት ጥፋቴን ልናገር፤ አለበለዚያ ተቆጥተህ እስከ መጨረሻው አታነበኝም። «ዓመት ሙሉ እንዴት ትደብቂኛለሽ?» ላልከው መልሴ አጭር ነው፤ አባባ አስምለውኝ ነው። «ሣህሉ ከሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ ሳያስፈቅድ ቢመጣ ደግሞ በዚህ ዘመን ስሙ ይጠፋል» አሉ። እኔም እግራቸው ስላላመማቸው ዝም አልኩ። ያታለለን አለማመሙ ነው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ማለት ይኸው ነው።

ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ሐዲድ ሲጠግኑ የግራር እሾህ የወጋቸውን ቀኝ እግር ታስታውሰዋለህ። እሾሁን ያኔውኑ ነቅለው ጣሉት። ዕብጠቱ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ቀጥሎ አምስት ቦታ አፍ አበጀ። ከየአፉ ከመግሉ ጋር ሰሊጥ የሚያካክሉ ነጫጭ ቅንጣቶች ይወጣሉ። ዛሬ ያ እግር ጫማ አይገባውም።

ኩባዊው ቀዶ ሐኪም በአስተርጓሚ የነገረኝን ልንገርህ። ቅንጣቶቹ ሕይወት ያለው ነገር ናቸው። እንዲህ ያለ እግር የሚሠሩ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ከሻጋታ ወገን፣ ሌላው ከባክቴሪያ ወገን። በዓይን አይለዩም። ባክቴሪያ ከሆነ የወራት መርፌና ክኒን ያድነዋል። ሻጋታ ከሆነ ግን የሚሆን መድኃኒት እጁ ላይ የለም፤ ወደ ላይ ሳይወጣ ከጉልበት በታች መቁረጥ ነው። የዚህ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ሰው ወደ ሰሜን ዘምቶ ክፍሉ ተቆልፏል። አዲስ አበባ፣ አንተ በምትሠራበት ሆስፒታል አልጋ ለማግኘት ቀጠሮው ስድስት ወር ነው አሉኝ። ሐኪሙ የመቁረጫውን ቀን መጋቢት 14 አድርጎታል። እስከዚያ «ባክቴሪያ ነው» የሚል ከመጣለት ይተዋል፤ ካልመጣ አልጠብቅም ብሏል።

ስለዚህ ቅንጣቶቹን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ በፔኒሲሊን ብልቃጥ ልኬልሃለሁ፤ በማይክሮስኮፕህ እይልኝ። የሚያመጣልህ የባቡሩ ትኬት ቆራጭ ተማም ነው፤ የመጋላ ሰፈሩ፣ የአባባ ጓደኛ።

ብልቃጡን ሳዘጋጅ አባባ አጠገቤ ተቀምጠው በጥያቄ አደረቁኝ። ለአሥራ አንደኛ ክፍል የሠራሁትን ሰንጠረዥ ዘርግቼ አሳየኋቸው። በጎን አምስቱን የሕያዋን ወገኖች ደርድሬአለሁ፤ ባክቴሪያን፣ እንደ አሜባ ያሉትን ባለ አንድ ሴሎች፣ ሻጋታን፣ ዕፅዋትን፣ እንስሳትን። ከላይ ደግሞ ይንቀሳቀሳል ወይ፣ እንዴት ይራባል፣ ምን ይበላል እያልኩ ጠይቄአለሁ።

«ይሄ የኔው ከየትኛው ረድፍ ነው?» አሉ።

«እሱን ጋሼ ነው የሚነግረን።»

«ሁሉም ይበላሉ?»

«ሁሉም። ዕፅዋት የራሳቸውን ራሳቸው ያዘጋጃሉ እንጂ ያለ ምግብ የሚኖር የለም» አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁኝም።

ተማሪ ፊት ቆሜ ይህን ሰንጠረዥ ሰባት ዓመት አስተምሬዋለሁ። በእጄ ስነካው ያስፈራኝ ግን ዘንድሮ ነው። ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ ተሻለች

አዲስ አበባ፣ የካቲት 3 ቀን 1974 ዓ.ም.

እህቴ ተሻለች፣

ሁሉንም በተራ እጽፋለሁ፤ የመጨረሻው ጋ ቶሎ መድረስ ስለማልፈልግ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው። በተማም እጅ የላክሽው ሹራብም ደርሶኛል፤ እጅጌው አጥሯል፣ ግን እለብሰዋለሁ።

ተማም ብልቃጡን በሰላም አድርሷል። አዋሽ ላይ ፈታሹ ከኪሱ አውጥቶ «ምንድን ነው?» ቢለው፣ «ወላሂ የጋሽ ሀብቴ እግር ነው፣ አቦ አትነቅንቀው!» ብሎ ጮኸበት። ፈታሹ በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰለት። ይህን እየሳቀ ነገረኝ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም።

ብልቃጡን ስከፍተው ውሃው ጥጥ የተነከረበት መስሎ ነበር፤ ክር ሞልቶታል። ሁለቱም ወገኖች ክር ይሠራሉ፣ ሁለቱም ቅርንጫፍ ያወጣሉ፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የሚለያቸው ውፍረት ነው። ከቀይ የደም ሴል ጎን አድርጌ ለካሁት። የሻጋታ ክር የደም ሴሉን ግማሽ ያህላል፤ የባክቴሪያው አንድ ሰባተኛውን እንኳ አይሞላም። እኔ ያየሁት ወፍራሙን ነው፤ እንደ ቀርከሃ አንጓ አንጓ አለው። ሦስት ጊዜ አየሁ።

ሻጋታ ነው ተሹ። ማኅተም ያለበት ወረቀት አብሮ አለ፤ ለሐኪሙ ስጪው። በዚህ እጄ የስንቱን ውጤት ጽፌአለሁ፤ የአባቴን እግር የሚያስቆርጥ ወረቀት እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ይቅር በይኝ። ለአባባ እንዴት እንደምትነግሪያቸው አላውቅም፤ እንዴት እንደተቀበሉት ግን ጻፊልኝ።

ሣህሉ

ድሬዳዋ፣ የካቲት 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ወረቀቱን ለሐኪሙ ሰጥቻለሁ። አነበበው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ፋይሉ ውስጥ ከተተው። አንድን እግር ለመጨረስ የወሰደው ጊዜ ያችው ነበረች።

አባባ እንዴት ተቀበሉት ላልከው፣ አላለቀሱም፤ ማልቀስ ይሻል ነበር። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሣህሉ ዘንድ ሲደርስ አድጎ ነበር ወይ?» አሉኝ። ውሃው ክር ሞልቶት ነበር ብለህ የጻፍከውን አነበብኩላቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አይቀምሱም። ሁዳዴ ሊገባ ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል፤ እሳቸው ግን ከክርስቲያኑ ሁሉ ቀድመው ጀምረውታል፤ ውሃና በልመና አንድ ሁለት ሲኒ ሻይ ብቻ። ለምን ብዬ ብጠይቅ «እኔ የማውቀው አለ» ይሉኛል።

የተማም ሚስት ሃዎ ሩዝ ሠርታ ከመጋላ ድረስ አመጣችላቸው። «ወሪያ ሀብቴ፣ እግርህን ነው የሚቆርጡት፣ ጉሮሮህን አይደለም!» ብላ ተቆጣቻቸው። ለሷም እምቢ አሉ። በዚህ ዓይነት ለቢላዋው ቀን አቅም አይኖራቸውም።

አንድ ነገር ልበልህ፣ ከፍቶህም ይክፋህ። ሦስት ጊዜ አየሁ ብለሃል። አራተኛ ማየት ምን ይከብድሃል?

ተሻለች

አዲስ አበባ፣ የካቲት 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ተሹ፣

አልከፋኝም። አራተኛ አየሁት፤ ባላየው ኖሮ ዕድሜ ልኬን ራሴን እረግም ነበር።

ከክሮቹ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ብናኝ አገኘሁ። የሰነበተ ዳቦ ላይ የሚወጣው ዓይነት ነው። ሥጋ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር ሻጋታ እንዲህ ያለ ብናኝ አያወጣም፤ ይህ አየርም ምግብም ያገኘ ሻጋታ ነው። በንጹሕ ውሃ ብቻ ይህን ያህል መጥገብ አይችልም። ከአባባ እግር የወጡትን ቅንጣቶች ብፈልግ ውጧቸዋል፤ አንድም አልቀረልኝም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉታል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የማይለቀም እንዳይሆን ፈርቻለሁ።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ መልሺልኝ። ብልቃጡ ውስጥ ከውሃው ሌላ ምን ገብቶ ነበር? ክዳኑን ከአንቺ ሌላ ማን ከፈተው? ማንም ይሁን አልቆጣም፤ ይህን ለአባባም አንብቢላቸው። የሰጠሁሽን ወረቀት ከሐኪሙ መልሰሽ ውሰጂ፤ ስህተት ነው። ሻጋታ አይደለም ማለቴ አይደለም። አላውቅም ነው የምልሽ፤ ሁለቱን ለይተሽ ንገሪው።

አዲስ ቅንጣት በአልኮል አድርጊና ላኪ። ክዳኑን በሰም ድፈኚው። ቀኑ እየበረረ ነው።

ሣህሉ

ድሬዳዋ፣ መጋቢት 3 ቀን 1974 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህ የት ሲንከራተት እንደከረመ እንጃ፣ ከትናንት በስቲያ ገና ደረሰኝ። ተማም ነገ ይነሳል፤ እስኪነሳ ይህን ልጨርስልህ።

ጥያቄህን ለአባባ አነበብኩላቸው። «ማንም ይሁን አልቆጣም» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ፤ ተማሪ እጁን እንደሚያነሳ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ምን አደረጉ አባባ?»

«ትንሽ የዳቦ ፍርፋሪ። ከራሽኑም ስኳር ቆንጠር አድርጌ።»

«ለምን?»

«ሕይወት ያለው ነው አላልሽም? ሁሉም ይበላሉ አላልሽም? ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እኔ አውቃለሁ፤ ሐዲዱን የጠገንኩት እኔ ነኝ። ስንቅ ሳይዝ ማን ተሳፍሮ ያውቃል? መንገድ ላይ ቢሞት ሣህሉ ምን አይቶ ይፈርዳል ብዬ ነው።»

ጋሼ፣ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሰንጠረዡን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ለዚያ ረድፍ የሚሆን ምግብ የቱ እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም ለማያውቁት እንግዳ እቤት ያለውን ሰጡት። አንተ ያየኸው ያንን ዳቦ በልቶ የወፈረ የዳቦ ሻጋታ ነው።

እህል የተዉትም ለዚሁ ነው። በአንዲት ፍርፋሪ እንዲያ ያደገ ነገር፣ እግራቸው ውስጥ ሆኖ በየቀኑ ሙሉ ገበታ እየቀረበለት ምን ያህል ያድጋል ብለው ፈሩ። «እኔ ካልበላሁ እሱም አይበላም» ብለው በረሃብ ሊገድሉት ነበር። ሥጋውን ነው የሚበላው እንጂ ሽሮውን አይደለም ብዬ ስምል ስገዘት፣ ዛሬ ጠዋት ሽሮ በሉ። አንድ ጭንቀት ቀለለኝ።

ሌላው ግን አልቀለለም። ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ወረቀቱ ስህተት ነው ብዬ ስነግረው፣ «ስህተት መሆኑን አይደለም የምፈልገው፤ ምን መሆኑን ነው» አለኝ። መጋቢት 14 አልተነቃነቀም። አዲሱ ብልቃጥ በአልኮል ነው፤ ሰሙን ራሴ ደፍኜዋለሁ። አባባ አልኮሉን አሽትተው «ይሄማ መግደል ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። የምትጽፈው ደብዳቤ አይደርስልኝም፤ ቴሌግራም አድርግ። አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረን።

ተሻለች

ቴሌግራም፣ አዲስ አበባ፣ መጋቢት 11 ቀን 1974 ዓ.ም.

ባክቴሪያ ነው። እርግጠኛ ነኝ። እንዳይቆረጥ። ሣህሉ።

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 19 ቀን 1974 ዓ.ም.

ተሹ፣

ስምንት ቀን ሆነኝ። ቴሌግራሙ ደርሷል ወይ? በስንት ቀን ደረሰ? የቆረጡት እንደሆነም አትደብቂኝ፤ መደበቅ ልማድሽ ነውና ነው የምልሽ። ስልክ ለመደወል ሁለት ጊዜ ወረፋ ይዤ መስመር የለም ተባልኩ። መልስ እስኪመጣ የማንንም ውጤት አራት ጊዜ ሳላይ አልጽፍም፤ ሰዎች አበዛኸው ይሉኛል። አንዲት መስመር ትበቃኛለች፤ እግሩ አለ ወይስ የለም?

ሣህሉ

ድሬዳዋ፣ መጋቢት 24 ቀን 1974 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

እግሩ አለ።

ይህን ለብቻው ጻፍኩት፤ ተንፍሰህ ቀሪውን አንብብ። ስትሬፕቶማይሲን መርፌ ከተጀመረ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፤ ክኒኑም አብሮ አለ። አባባ የሚወጉት ጠዋት ጠዋት ነው። የነርሷን እጅ ከባድ ነው ብለው ስም አውጥተውላታል፤ ስሙን አልጽፍልህም። ቁስሉ ገና አልተለወጠም። ሐኪሙ እስከ ሰኔ ካልጎደለ ወደ ቢላዋው እንመለሳለን ብሏል፤ ያን ጊዜ ከጉልበት በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደስ ብሎናል አልልህም። እየቆጠርን ነው።

ስለ ቴሌግራሙ፣ ደርሷል። ተማም ሰላም ብሎሃል።

ተሻለች

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ተሹ፣

ከአምስቱ አፎች ሁለቱ ገጠሙ ያልሽውን አነበብኩ፤ ደግሜም አነበብኩት። አሁን የሆዴን ልናገር።

ሁለተኛው ብልቃጥ ውስጥ የነበሩት ቅንጣቶች ስድስት ናቸው። በአራቱ ቀጭን ክር አየሁ፤ እንደ ፀጉር የሰለለ። ሁለቱ ግን ተሰባብረው ምንም አልነገሩኝም። አለቃዬን እንዲፈርም ብለምነው «በዚህ ላይ ፊርማዬን አላኖርም፣ አንተም አንዴ ተሳስተሃል» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኜ ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ነበር። ሆኖም ሐኪሙ «ሳይሆን አይቀርም» የሚል ቃል እንደማይበቃው አውቃለሁ። ስለዚህ «እርግጠኛ ነኝ» ብዬ ላክሁ። እርግጠኛ አልነበርኩም ተሹ። በአባቴ ሕይወት ነው የተወራረድኩት፤ ሻጋታ ቢሆን ኖሮ መርፌው ሳያቆመው ወደ ላይ እየወጣ ውሎ አድሮ ሊገድላቸው ይችል ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ደብዳቤሽ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የማየው መጨረሻውን ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ምክንያት አለኝ። በስንተኛው ልመናዬ ተማም በፋሲካ ሰሞን ያመጣውን ቅንጣት አንድ ወዳጄ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ምግብ ባለበት ሳህን ላይ ዘርቶት ነበር። በቅሏል። ያለ ጥርጥር ባክቴሪያ ነው፤ አለቃዬም ፈርሟል። ወረቀቱ አብሮ አለ።

አንድ ነገር ግን ንገሪኝ። ቴሌግራሙ በስንት ቀን እንደደረሰ ሁለት ጊዜ ጠይቄሽ ሁለት ጊዜ ዘለልሽው።

ሣህሉ

ድሬዳዋ፣ ሰኔ 6 ቀን 1974 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

አራቱ አፎች ገጥመዋል። አምስተኛው ደርቋል፣ ቅርፊት ይዟል። ሐኪሙ ትናንት በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አይቶ ስለ ቢላዋ ሳያነሳ ወጣ። ክኒኑ ገና ብዙ ወር ይቀረዋል።

ቴሌግራሙ የደረሰው መጋቢት 15 ከሰዓት በኋላ ነው። ከቀኑ በማግሥቱ ማለት ነው። መስመር ተበላሽቶ ነበር አሉ።

በ14 ጠዋት አባባን ከተኙበት ክፍል በቃሬዛ ወደ ቀዶ ሕክምናው ወሰዷቸው። እኔ ከንጋት ጀምሮ ፖስታ ቤት በር ላይ ቆሜ ምንም የለም ተብዬ ነበር። እየሮጥኩ መጥቼ ሐኪሙ ክፍል ገባሁና «ቴሌግራሙ መጣ፣ ባክቴሪያ ነው» አልኩት። «ወረቀቱስ?» አለኝ። «በስልክ ነው ያነበቡልኝ፣ ነገ ይሰጡኛል» አልኩት። አየኝ፤ ረዘም አድርጎ አየኝ። ከዚያ ጓንቱን አወለቀ። አንተ በአራት ቅንጣት ነው የተወራረድከው ጋሼ፤ እኔ በባዶ እጄ። በማግሥቱ ቴሌግራሙን ተቀብዬ ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ አነበብኩት። ያልኩትን ቃል በቃል ይል ነበር። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ አንተም የዋሸኸውን ባትነግረኝ አልነግርህም ነበር።

ማንም አያውቅም ብዬ ነበር። ዛሬ ኮታቸውን ላጥበው ኪሱን ስፈትሽ ከውስጥ ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ጽሕፈቱ የተማም ነው፤ ፊርማው የአባባ። እንዳለ ገልብጬልሃለሁ፦

«መጋቢት 14 ቀን 1974። ለሚመለከተው ሁሉ። እግሬ እንዳይቆረጥ የወሰንኩት እኔ ሀብተ ማርያም ነኝ። ልጄ ተሻለች ያልመጣውን ቴሌግራም መጥቷል ያለችው እኔ በይ ስላልኳት ነው። ብሞት ሐኪሙም ቀበሌውም እሷን አይጠይቃት። ወንድሟም አይቆጣት።»

በይ ብለውኝ አያውቁም ጋሼ። በሩ ክፍት ነበር፤ ቃሬዛው ላይ ተኝተው ሰምተውኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሙሉ ስለዚያ ጠዋት አንድ ቃል አልተነፈሱም። አሁን ግቢው ውስጥ ከተማም ጋር ተቀምጠው እግራቸውን ፀሐይ ያስመታሉ።

ወረቀቱን እንደታጠፈ ኪሱ ውስጥ መለስኩት፤ ኮቱንም ሳላጥበው ሰቀልኩት።

ተሻለች